ለዘር የሚተወው የቱ ነው?

የጓሮ አትክልት ዘር አያያዝ ለሱሉልታና ለአካባቢዋ

የአገራችን ሰው "ዘር ከልጓም ይስባል" ሲል የሚናገረው ስለ ሰው ነው፡፡ አባባሉ ግን ለጎመንም ይሠራል፡፡ በጓሯችን ያለው ጎመን ቅጠሉ ሰፍቶ ወራት የሚቀነጠሰው፣ ወይም ገና ሳይበላ አገዳ አውጥቶ የሚያብበው፤ የኅዳርን ውርጭ የሚችለው፣ ወይም በአንድ ሌሊት ጠቁሮ የሚያድረው በፍግና በውሃ ብቻ አይደለም፡፡ እናቱ ማን እንደነበረች ጭምር ይወስነዋል፡፡ እናቲቱን የሚመርጠው ደግሞ ባለ ጓሮው ነው፡፡ በዚህ ሳምንት ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ ምርጫ ነው፡፡

እኔ የምኖረው ሱሉልታ ነው፡፡ በእርሻ ትምህርት የተመረቅሁ አይደለሁም፤ አርባ ካሬ በማትሞላ ጓሮ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ባቄላ፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንች እያፈራረቅሁ የምተክል ሰው ነኝ፡፡ ለአብዛኞቹ ዘር ከሱቅ መግዛት ከተውኩ ዓመታት ስላለፉ "እንዴት ነው የምታደርገው?" የሚለኝ የሰፈር ሰው ብዙ ነው፡፡ ለአንዱ አስረድቼ ሳልጨርስ ሌላው ስለሚመጣ፣ አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል ብያለሁ፡፡

የሚበላውና የሚዘራው

በሰፈራችን ደጋግሜ የማየው ነገር አለ፡፡ ሰው ጎመኑን ከታች ወደ ላይ እየቀነጠሰ ይበላል፡፡ ቅጠሉ የሚያምረው ግንድ ስለሚወደድ ያለ እረፍት ይቀነጠሳል፡፡ ቀድሞ ያበበው፣ ቅጠሉ የጠበበውና የመረረው ግን "እሱ እንግዲህ ለዘር ይሁን" ተብሎ ይተዋል፡፡ በዓመቱ ያ ዘር ይዘራል፡፡ ከበቀለው ውስጥም ቀድሞ ያበበው እንደገና ለዘር ይተዋል፡፡ ሦስት አራት ዓመት እንዲህ ከተሄደ በኋላ ጓሮው ሙሉ ሁለት ጊዜ ሳይቀነጠስ የሚያብብ ጎመን ይሆናል፡፡ ያኔ "አፈሩ ደከመ"፣ "ዘመኑ ተበላሸ" ይባላል፡፡ አፈሩም ዘመኑም ምንም አላደረጉም፡፡ እኛው ራሳችን ቶሎ የሚያብበውን እየመረጥን ስናራባ ከርመን ነው፡፡

ስለዚህ የመጀመሪያውና ትልቁ ደንብ ይኼ ነው፤ ለዘር የሚተወው የተረፈው ሳይሆን የተመረጠው ነው፡፡ ቅጠሉ ለሚበላ አትክልት (ለጎመን፣ ለሰላጣ፣ ለቆስጣ) መጀመሪያ ያበበውን ንቀሉትና ብሉት፤ ዘግይቶ ያበበውን፣ ቅጠለ ሰፊውንና ጤነኛውን ለዘር ተዉት፡፡ ፍሬው ለሚበላው (ለአተር፣ ለባቄላ፣ ለቲማቲም) ግን ቀድሞ ያፈራው መልካም ጠባይ ነው፤ በተለይ ውርጭ ከመግባቱ በፊት መድረስ ላለበት ለእኛ አገር፡፡

አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤቴ ለዚህ ነገር ቀላል ዘዴ አላቸው፡፡ ጎመኑ ጉልበት ሲደርስ ጓሮውን ይዞሩና ደስ ያሏቸውን ግንዶች ቀይ ክር ያስሩባቸዋል፡፡ ክር የታሰረበትን ልጅ አይነካውም፣ ሠራተኛም አይነካውም፣ እንግዳ ቢመጣም አይቆረጥም፡፡ "ለምን እማማ?" ብላቸው "የዘር እህል እኮ አይበላም ልጄ፤ የከርሞ እናት ናት" አሉኝ፡፡ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በመጽሐፍም አላገኘሁም፡፡

የሱሉልታ ጠባይ

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት፡፡ ሜዳዋ በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ሲጠራ ደግሞ አመዳይ ይወርዳል፡፡ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው፡፡ በሌላ በኩል አካባቢው የወተት አገር ስለሆነ ፍግ አይቸግርም፡፡ ቡራዩ ከሱሉልታ ብዙም አትርቅም፤ ሰበታ ግን ዝቅ ያለችና ሞቅ ያለች ናት፡፡ ስለዚህ ሰበታ ያለ ዘመድ ቲማቲም ለቅሞ ሲልክላችሁ እናንተ ጋ ባይሆን አትገረሙ፡፡

ይህ አየር ለዘር ሁለት ትርጉም አለው፡፡ አንደኛው መልካም ነው፤ በሰኔ የተተከለ ጎመን በመስከረምና በጥቅምት አብቦ፣ ዘሩ የሚደርቀው ዝናብ በሌለበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፡፡ ዘር ደግሞ የሚፈልገው በደረቅ ጊዜ መድረስን ነው፡፡ ሁለተኛው ከባድ ነው፤ ዘግይቶ የተተከለ ነገር አበባው ላይ ውርጭ ይመታዋል፡፡ ስለዚህ ለዘር የምታስቡትን በዝናቡ መግቢያ ትከሉ፤ በነሐሴ የተከላችሁት ለመብል ይሁን፡፡

መደባችሁን ደግሞ ከመሬት ከፍ አድርጉ፡፡ ሥሩ ውሃ ውስጥ የቆመ ተክል ቢያፈራም ዘሩ ቀጭን ይሆናል፡፡

ማን ከማን ይዳቀላል?

ዘር ለማስቀረት ከማሰባችሁ በፊት አንድ ነገር ማወቅ ግድ ነው፤ አትክልቱ ራሱን በራሱ ነው የሚያዳቅለው ወይስ ከሌላው ጋር?

ሰላጣ፣ አተር፣ ፎሶሊያና ቲማቲም በአብዛኛው ራሳቸውን ይችላሉ፡፡ አበባቸው ሳይከፈት ወይም በተከፈተበት ቅጽበት የራሳቸውን የአበባ ዱቄት ይቀበላሉ፡፡ ስለዚህ አጠገባቸው ሌላ ዓይነት ቢኖርም ልጆቻቸው እናታቸውን ይመስላሉ፡፡ ለጀማሪ የሚመከሩት እነዚህ ናቸው፡፡ ከአምስት ስድስት ጤነኛ ግንድ ዘር ቢቀር ለአንድ ቤት ይበቃል፡፡

ባቄላ፣ ካሮት፣ ሽንኩርትና ዱባ ንብና ሌሎች ነፍሳት የሚያዳቅሏቸው ናቸው፡፡ ጎረቤት ያለው ዓይነት ከእናንተው ጋር ሊቀላቀል ይችላል፡፡ ከእነዚህ ዘር ስታስቀሩ ከአንድ ግንድ ብቻ አትውሰዱ፡፡ ከአንድ እናት ብቻ የመጣ ዘር ትውልድ በተቆጠረ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል፤ ቢቻል ከሃያ ግንድ ያላነሰ ይሁን፡፡

ቆስጣና ቀይ ሥር ደግሞ ለብቻቸው ናቸው፡፡ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ ሁለቱ አንድ ዓይነት ተክል ናቸው፤ አንዱ ለቅጠሉ፣ ሌላው ለሥሩ ተመርጦ ነው የተለያዩት፡፡ የአበባ ዱቄታቸውን ነፋስ ነው የሚወስደው፤ ያውም ሩቅ ድረስ፡፡ ሁለቱን ጎን ለጎን አስብባችሁ ዘር ከያዛችሁ በዓመቱ ሥሩም የማይረባ፣ ቅጠሉም የማይረባ ነገር ታገኛላችሁ፡፡ መፍትሔው ቀላል ነው፤ በአንድ ዓመት ከሁለቱ አንዱን ብቻ አስብቡ፡፡ የዚያን ዘር ለሁለት ሦስት ዓመት ተጠቀሙበት፤ በሌላው ዓመት ደግሞ ሁለተኛውን፡፡

አትክልት በአትክልት

ጎመን፡፡ የአበሻ ጎመን የእኛው ነው፡፡ በሳይንስ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ ይባላል፤ በእንግሊዝኛም የኢትዮጵያ ሰናፍጭ ብለው ይጠሩታል፡፡ ኡ ጃንግ ቹን የተባለ ኮሪያዊ ሳይንቲስት ጃፓን ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ ጎመን ከሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ዘመድ መዳቀል የተገኘ ነው፡፡ በአብዛኛው ራሱን ያዳቅላል፤ ንብም ግን ትቀላቅለዋለች፡፡ ከጥቅል ጎመን ጋር በቀላሉ አይቀላቀልም፡፡ ሊያሰጋችሁ የሚገባው ከጎረቤት ያለው ቶሎ የሚያብብ የአበሻ ጎመን ነው፡፡ ስለዚህ ለጎረቤትም ንገሩ፤ ያበበ የማይረባ ጎመን ካለ እንዲነቅሉት፡፡

በገበያ ለምጣድ ማሰሻ የሚሸጠውን ጎመን ዘር ገዝታችሁ ብትዘሩት ሊበቅል ይችላል፡፡ ነገር ግን ለዘሩ እንጂ ለቅጠሉ ተብሎ የተመረጠ አይደለም፤ ከየት እንደመጣም አይታወቅም፡፡ ከእሱ መጀመር ካለባችሁ ብዙ ዘርታችሁ አጥብቃችሁ ምረጡ፡፡

ክር ያሰራችሁበትን ግንድ ጥቂት ቅጠል ብትቀነጥሱለት አይጎዳውም፤ አገዳ ማውጣት ከጀመረ በኋላ ግን እጃችሁን አንሱ፡፡ በአበባው ጊዜ ክሽክሽ ጫፉን ይወረዋል፡፡ ጫፉን በእጅ አሹት ወይም በውሃ እጠቡት፡፡ የዘሩ ቅርፊቶች ከታች ወደ ላይ ይደርቃሉ፡፡ አብዛኞቹ ቢጫ ሲሆኑና ውስጡ ያለው ዘር ሲጠነክር ሙሉውን አገዳ ቁረጡና ጆንያ ላይ አስጥታችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት፡፡ የአበሻ ጎመን ከዘመዶቹ ይልቅ ቶሎ አይረግፍም፤ ወፍ ግን ይቀድማችኋል፡፡

ሰላጣ፡፡ ጭንቅላቱ ከተጠቀለለ በኋላ አገዳው እንዲወጣ ከላይ በመስቀለኛ ሰንጥቁት፡፡ ቢጫ አበቦቹ ነጭ ጭራ ማውጣት ሲጀምሩ ዘሩ ደርሷል ማለት ነው፡፡ ሁሉም በአንድ ቀን ስለማይደርስ በየሁለት ሦስት ቀኑ ከረጢት ውስጥ አራግፉት፡፡

ቆስጣና ቀይ ሥር፡፡ በመጀመሪያ ወራታቸው አያብቡም፤ ብርድ ከቆጠሩ በኋላ ነው አገዳ የሚያወጡት፡፡ የሱሉልታ ሌሊት ለዚህ ያግዛል፡፡ አገዳው ከሰው ወገብ ስለሚያልፍ እንጨት ደግፉለት፡፡ ፍሬው አንድ ቢመስልም ውስጡ ሁለት ሦስት ዘር አለ፤ ስለዚህ ስትዘሩ አራርቁ፣ ተደራርቦ የበቀለውንም አሳሱት፡፡

ካሮት፡፡ ካሮትን ለዘር ባለበት አትተዉት፤ ምን እንደሆነ ሳታዩ እንዴት ትመርጣላችሁ? ንቀሉትና ቀጥ ያለውን፣ ያልተሰነጠቀውን፣ ቀለሙ የደመቀውን ምረጡ፡፡ ቅጠሉን ሦስት ጣት ያህል አስቀርታችሁ ቆርጣችሁ መልሳችሁ ትከሉት፡፡ ቀድሞ ያበበውን ካሮት ግን ፈጽሞ ለዘር አታድርጉ፤ ልጁም ሥር ሳያወፍር ያብባል፡፡

ባቄላ፣ አተርና ፎሶሊያ፡፡ ቅርፊቱ እዚያው ግንዱ ላይ ደርቆ ሲንኮሻኮሽ ልቀሙት፡፡ ነጠብጣብ ያለበትን፣ የተጨማደደውንና የተበሳውን አውጡ፡፡ ፎሶሊያ ውርጭ አይችልምና ከክረምቱ በፊት ወይም መሀል የሚደርስበትን ጊዜ አስሉ፡፡ ባቄላና አተር ከብርዱ ጋር ይስማማሉ፡፡

ነጭ ሽንኩርት፡፡ በዘር ሳይሆን በፍንካቹ ነው የሚራባው፡፡ ትልልቁን ፍንካች መትከል ትልልቅ ራስ ይሰጣል፤ ትንንሹ ወደ ወጥ ይግባ፡፡ ሥሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ግን ከዚያ መደብ አንድም ፍንካች ለዘር አትውሰዱ፡፡ ይህ በሽታ አፈር ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚሄደውም በተዋዋስነው ነጭ ሽንኩርትና እግራችን ላይ በተጣበቀው አፈር ነው፡፡

ድንች፡፡ ድንች ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ገደማ ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እጅ ነው፡፡ ዛሬ በደጋው ስማቸው የሚጠራው ጃለኔ (እ.ኤ.አ. 2002)፣ ጉዳኔ (2006) እና በለጠ (2009) የተለቀቁት ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው፡፡ የድንች ዘር ስንል እኛው የምንበላው ራሱ ድንቹ ነው፡፡ ብዙው ሰው ትልቁን ይበላና ትንሹን ለዘር ያስቀራል፡፡ ይህ አደገኛ ልማድ ነው፤ ድንቹ ትንሽ የሆነው እናቱ በቫይረስ ስለታመመች ሊሆን ይችላልና፡፡ ስለዚህ ተክሉ በሚያብብበት ጊዜ ጤነኛና ጠንካራ የሆኑትን ግንዶች በእንጨት ምልክት አድርጉ፡፡ ሲደርስ እነዚያን ለብቻ ቆፍሩ፤ ከእነሱ የዶሮ እንቁላል የሚያህሉትን ለዘር ያዙ፡፡ ያለ ምክንያት የጠወለገ ግንድ ያለበትን መደብ ተዉት፡፡ ለዘር የያዛችሁትን ብርሃን በሚገባበት ግን ፀሐይ በማይመታው ቆጥ ላይ በትኑት፡፡ አረንጓዴ ይሆናል፣ አጭርና ወፍራም ጎንቆል ያወጣል፡፡ አረንጓዴ የሆነው ድንች ግን ይመርዛልና ወደ ድስት እንዳይመለስ፡፡

ቲማቲምና ዱባ፡፡ ሱሉልታ ላይ ሁለቱንም ውርጭ ይጨርሳቸዋል፤ ላስቲክ ቤት ላለው ወይም ለሰበታ ሰው ነው የምጽፈው፡፡ ቲማቲም በደንብ ሲቀላ ዘሩን ከነዝልግልጉ ብርጭቆ ውስጥ ጨምሩና ጥቂት ውሃ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ቀን ይብላላ፤ ብርድ ከሆነ አንድ ሁለት ቀን ይጨመርለት፡፡ ዝልግልጉ ሲለቅ እጠቡት፤ የተንሳፈፈውን ድፉ፣ የዘቀጠውን ሳህን ላይ አድርቁ፡፡ ወረቀት ላይ ካደረቃችሁት ይጣበቃል፡፡ ዱባ በንብ ስለሚዳቀል ንጹሕ ዘር የፈለገ ሰው የወንዴውን አበባ በጠዋት ቀጥፎ የሴቴዋን (ከሥሯ ትንሽ ዱባ የያዘችውን) ነክቶ፣ አፏን በክር ያስራል፡፡ ከራስ ዘር የበቀለ ዱባ ሲቀመስ ከመረረ አትብሉት፤ ምሬቱ የሚያሳምም መርዝ አለው፡፡

የፓኬት ዘር ነገር

ከሱቅ የተገዛ ፓኬት ላይ "ኤፍ 1" የሚል ምልክት ካያችሁ ዲቃላ ዘር ነው ማለት ነው፡፡ ሁለት የተለያዩ ወላጆች ሆን ተብሎ ተዳቅለው የተገኘ የመጀመሪያ ትውልድ ነው፡፡ ኦስትሪያዊው መነኩሴ ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1866 በአተር እንዳሳየው፣ የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ሁለተኛው ግን ይበታተናል፡፡ አንዱ አያቱን፣ ሌላው አክስቱን ይወጣል፡፡ ዲቃላ ዘር መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ ምርቱ ብዙ ጊዜ መልካም ነው፡፡ ነገር ግን ዘሩን ባስቀር እናቱን ያወጣል ብላችሁ አትጠብቁ፡፡ በየዓመቱ መግዛት ሊኖርባችሁ ነው፡፡ ኤፍ 1 ያልሆነ ፓኬት ከሆነ ግን አንድ ጊዜ ገዝታችሁ፣ ከዚያ በኋላ በራሳችሁ ምርጫ የጓሯችሁ ማድረግ ትችላላችሁ፡፡ ቀለም የተቀባ ዘር መድኃኒት የተለወሰ ስለሆነ የተረፈውን ለዶሮ አትስጡ፤ ከነካችሁትም እጃችሁን ታጠቡ፡፡

ማድረቅ፣ ማስቀመጥ፣ መሞከር

ዘር ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ እየተነፈሰ ይቆያል፡፡ የሚገድለው እርጥበትና ሙቀት ነው፡፡ የዘር ባለሙያዎች የሚመሩበት የታወቀ ግምት አለ፤ ዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር፣ እንዲሁም የማስቀመጫው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀነሰ ቁጥር፣ የዘሩ ዕድሜ እጥፍ ይሆናል፡፡ የሱሉልታ ሰው ቅዝቃዜውን በነጻ አግኝቷል፡፡ የሚቀረው ማድረቅ ነው፡፡

ዘሩን ነፋስ በሚገባበት ጥላ ውስጥ ስስ አድርጋችሁ አስጡት፤ ምጣድ ላይ ወይም ምድጃ ዳር አታድርጉት፡፡ ባቄላ በጥርስ ሲነከስ ከተሰበረ ደርቋል፤ ጥርስ ከገባበት አልደረቀም፡፡ ከደረቀ በኋላ ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ ክተቱት፡፡ የተቆላና የቀዘቀዘ ሩዝ በጨርቅ ቋጥራችሁ አብራችሁ ብታስቀምጡ የቀረውን እርጥበት ይስብላችኋል፡፡ እናቶቻችን በቅል አድርገው ከምድጃ በላይ የሚሰቅሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጭሱ ያደርቃል፣ ነቀዝንም ያርቃል፡፡ ባቄላና አተር ከተነፋ ንጹሕ አመድ ጋር ቢቀላቀል ነቀዙ ይቸገራል፡፡ ላስቲክ ውስጥ ያልደረቀ ዘር መቋጠር ግን ሻጋታ መዝራት ነው፡፡

በብልቃጡ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፤ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደተለቀመ፣ ከስንት ግንድ እንደመጣ፡፡ የሽንኩርት ዘር ከአንድ ሁለት ዓመት በላይ አይታመንም፡፡ ካሮት፣ ባቄላና ፎሶሊያ ሦስት ዓመት ያህል፤ ጎመን፣ ቆስጣና ቲማቲም በደህና ከተቀመጡ አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያሉ፡፡

ከመዝራታችሁ ሦስት ሳምንት አስቀድማችሁ ሃያ ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ላይ ጠቅልሉና ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ፡፡ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ከፍታችሁ ቁጠሩ፡፡ አሥራ ስድስትና ከዚያ በላይ ካጎነቆለ እንደ ልማዳችሁ ዝሩ፤ አሥር ገደማ ከሆነ እጥፍ አድርጋችሁ ዝሩ፤ ከአምስት ካነሰ ሌላ ዘር ፈልጉ፡፡ ይህን የሚያደርግ ሰው በሰኔ ባዶ መደብ ላይ ቆሞ ወፍንና ጉንዳንን አይራገምም፡፡

ከጓሮ ባሻገር

"ለአንድ እፍኝ ጎመን ዘር ይህ ሁሉ?" የሚል አይጠፋም፡፡ መልስ አለኝ፡፡

ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችን መጥቶ ስንዴውን፣ ገብሱንና ሌላውንም አዝርዕት ሰብስቧል፡፡ ኢትዮጵያንም ከዓለም የአዝርዕት መገኛ ማዕከላት አንዷ አድርጎ መድቧታል፡፡ ሌኒንግራድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን ጦር ተከብባ ሕዝቡ በረሃብ ሲያልቅ፣ የተቋሙ ሠራተኞች በእጃቸው የነበረውን የዘር ክምችት ሳይበሉ ከመካከላቸው በረሃብ የሞቱ ነበሩ፡፡ ከባቄላና ከሩዝ ጆንያ አጠገብ ሆነው ማለት ነው፡፡

በእኛም አገር በ1977ቱ ድርቅ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን ለመብላት ተገድዶ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋም የገበሬውን ዘር ሰብስቦ የማቆየት ሥራ ሠርቷል፡፡ በወቅቱ የመሩት ዶ/ር መላኩ ወረደ በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል፡፡ ዶ/ር መላኩ አጥብቀው የያዙት ሐሳብ፣ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ እየተዘራም መጠበቅ አለበት የሚል ነበር፡፡ ማቀዝቀዣ ዘሩን ያቆየዋል፤ ከውርጩና ከበሽታው ጋር እየታገለ እንዲለማመድ የሚያደርገው ግን ማሳው ነው፡፡ ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርም የገበሬው የዘር መብት እንዲከበር በዓለም መድረክ ተከራክረው ይኸው ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2000 ተሰጥቷቸዋል፡፡

ሕጉም ቢሆን ይህን ልማድ አልዘነጋውም፡፡ በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ማኅበረሰቦች የጄኔቲክ ሀብታቸውን የመጠቀምና እርስ በርስ የመለዋወጥ መብት እንዳላቸው ደንግጓል፡፡ በ2005 ዓ.ም. ወጥቶ የነበረው የዘር አዋጅ ቁጥር 782ም ሰው ከራሱ ማሳ ያስቀረውን ዘር መጠቀሙን ከቁጥጥሩ ውጭ አድርጎት ነበር፡፡

አሁን ወደ ሰፈራችን ስንመለስ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል፡፡ ከዚያም በፊት ቢሆን ገብስ ይዘራበት የነበረው መሬት ቤት ሲሠራበት ኖሯል፡፡ ቤት መሠራቱ ክፉ አይደለም፤ እኔም የምኖረው በዚያው ነው፡፡ ነገር ግን ማሳው በጠበበ ቁጥር በየቤቱ ቆጥ ላይ የነበረው ቅልም አብሮ ይወርዳል፡፡ ቀይ ክር የሚያስሩት ጎረቤቴ ጎመናቸውን ከእናታቸው ነው ያገኙት፡፡ ልጆቻቸው ከተማ ገብተዋል፤ ጓሯቸውም ለግንባታ ተቆርጦ አሁን ከበር እስከ አጥር ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው፡፡ ዘሩን ሰጥተውኛል፤ እኔም ለሦስት ቤት አካፍያለሁ፡፡ ያ ጎመን ውርጩን ለመቻል ስንት ዓመት እንደፈጀበት ማንም አልቆጠረም፡፡ ለመጥፋት ግን አንድ ክረምት ሳይዘራ መቅረቱና ብልቃጡ ውስጥ ማርጀቱ ይበቃዋል፡፡

ስለዚህ ዘር ያላችሁ ሰዎች ለራሳችሁ ብቻ አትያዙት፡፡ የእናንተው ቢበላሽ ከጎረቤት ትመልሱታላችሁ፡፡ ዘር የሌላችሁ ደግሞ በሰፈራችሁ ዕድሜ ጠገብ ጓሮ ያላቸውን ጠይቁ፤ ከተጠየቁ የሚከለክሉ አላየሁም፡፡ ጊዜው ወይም ቦታው ካልበቃችሁ ዘንድሮ ሌላውን ሁሉ ተዉትና ጎመናችሁን ብቻ ያዙ፡፡ ጉልበት ሲደርስ ዙሩት፣ ቅጠሉ የሰፋውንና ያልታመመውን አምስት ስድስት ግንድ ምረጡ፣ ክር እሰሩበት፣ ቀድሞ ያበበውን ነቅላችሁ ብሉት፡፡ የከርሞውን ልዩነት ራሳችሁ ታዩታላችሁ፡፡

ጎመን በጤና፤ ቸር እንሰንብት፡፡